ሥዕል መገልበጥ ነውር ነውን?

በአንድ የተማሪዎች የሥዕል ትርኢት ላይ ያየሁትን ልናገር። በግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ሥዕሎች መካከል አንዲት ወጣት ሴት አገጭዋን በእጅዋ ደግፋ የምትመለከት በዘይት ቀለም የተሠራች ምስል ነበረች። ሠዓሊው ተማሪ ከሥርዋ በትንሽ ወረቀት ላይ «ከሬኖዋር የተገለበጠ» ብሎ ጽፎአል። ከተጋበዙት እንግዶች አንዱ፣ በሥራቸውም በዕድሜያቸውም የተከበሩ ሰው፣ ወረቀቱን አንብበው ወደ ልጁ ዘወር አሉና «ታዲያ ያንተ የቱ ነው?» ብለው ጠየቁት። በዙሪያቸው የቆሙት ሁሉ ሳቁ። ልጁ መልስ አልሰጠም። በማግሥቱ ተመልሼ ብሄድ ሥዕሉ ከቦታው ተነሥቶአል፤ የቀረው ምስማሩ ብቻ ነው።

የተከበሩት እንግዳ የጠየቁት ጥያቄ በራሱ ክፉ አይደለም። ማንኛውም ሠዓሊ አንድ ቀን ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ ነው። እኔን ያሳዘነኝ ሳቁ ነው። ሳቁ የእነዚያ ጥቂት ሰዎች ብቻ ሳይሆን በመካከላችን ሥር የሰደደ የአንድ አስተሳሰብ ድምፅ ነበረ። ይኸውም አስተሳሰብ፣ የሌላውን ሠዓሊ ሥራ ፊት ለፊት አስቀምጦ መገልበጥ ከፈተና ኩረጃ የማይለይ የሰነፍ ተግባር ነው፤ የተማሪውን ዐይን ያሳውራል፣ የራሱንም መንፈስ ይገድላል የሚል ነው። እኔ ግን ይህ አስተሳሰብ ስሕተት ከመሆኑም በላይ የዘይት ቀለምን ሥራ ለመማር የሚደክመውን የአገራችንን ወጣት ሊያገኝ ከሚችላቸው ጥቂት መምህራን አንዱን የሚነጥቅ ነው እላለሁ።

ነገሩን ከራሱ ከሥዕሉ እንጀምር። ልጁ የገለበጠው ፈረንሳዊው ፒዬር ኦጉስት ሬኖዋር በ1877 ዓ.ም. የሠራውን የዣን ሳማሪን ምስል ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዣን ሳማሪ በፓሪስ የኮሜዲ ፍራንሴዝ ቴአትር ተዋናይ ነበረች። ሥዕሉ ትንሽ ነው፤ ቁመቱ 56፣ ወርዱም 47 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሲሆን በሞስኮ በፑሽኪን ቤተ መዘክር ይገኛል። ሬኖዋርና ጓደኞቹ በ1874 ዓ.ም. ፎቶግራፍ አንሺው ናዳር ትቶት በሄደው የሥራ ክፍል ውስጥ የመጀመሪያ ትርኢታቸውን ባሳዩ ጊዜ ኢምፕሬሽኒስት የሚለው ስም የተሰጣቸው ለፌዝ ነበረ። ሁለት ዓመት ቆይቶም አልበርት ዎልፍ የተባለው የፊጋሮ ጋዜጣ ጸሐፊ፣ ሬኖዋር በቅጠል መካከል በሚያልፍ የፀሐይ ብርሃን የሳለውን የሴት ገላ አይቶ የበሰበሰ ሥጋ ይመስላል ብሎ ጻፈበት። ዎልፍ ያላየው ነገር ቢኖር በጥላ ውስጥ ያለ ገላ አረንጓዴና ሐምራዊ ሊሆን መቻሉን ነው። በትርኢት ላይ መሳቅ እንግዲህ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም።

ከማንም በፊት አዲስ ነገር አመጡ የሚባሉት እነዚህ ሠዓሊዎች ራሳቸው እንዴት ተማሩ? ገልባጮች ነበሩ። ሬኖዋር ገና በልጅነቱ በሸክላ ዕቃ ላይ ሥዕል እየሣለ ይተዳደር ነበረ፤ በ1860 ዓ.ም. በሉቭር ቤተ መዘክር ገብቶ የቀድሞ ሊቃውንትን ሥራ ለመገልበጥ ፈቃድ ተቀበለ። ሴዛንም በ1863 ዓ.ም. እንዲሁ አደረገ። ማኔ የደላክሯን ሥዕል ገልብጦአል። ማኔና ደጋ የተዋወቁት በ1862 ዓ.ም. ገደማ በዚያው በሉቭር ውስጥ፣ ደጋ ከቬላስኬዝ እየገለበጠ ሳለ ነው ይባላል። እነዚህ ሰዎች መንፈሳቸው ሞቶ ነበርን?

አንዳንዱ ሰው «እነርሱ የገለበጡት ሕፃናት ሳሉ ነው፤ ካደጉ በኋላ ተዉት» ይል ይሆናል። ይህም አይደለም። ሬኖዋር ደላክሯ የሳለውን የአይሁዶችን ሠርግ በዘይት ቀለም የገለበጠው በ1875 ዓ.ም. ገደማ ነው። ይኸውም ከመጀመሪያው የኢምፕሬሽኒስቶች ትርኢት በኋላ፣ የሳማሪን ምስል ከመሥራቱም ሁለት ዓመት ያህል አስቀድሞ ማለት ነው። ግልባጩ ዛሬ በአሜሪካ በዉስተር የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር አለ። ለገንዘብ የተሠራ ሥራ ነው ቢሉ እውነት ነው፤ የታዘዘ ሥራ ነበረ። ነገር ግን ለእንጀራ ሲል የያዘው ብሩሽ ሳያስተምረው ቀርቶአል የሚል ማነው?

ከዚህም የሚያሳዝን፣ ስለዚህም የሚያስተምር ነገር አለ። በፓሪስ የሚገኘው ታላቁ የመንግሥት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እስከ 1897 ዓ.ም. ድረስ ሴቶችን ተማሪ አድርጎ አይቀበልም ነበረ። እንግዲህ በርት ሞሪዞ የት ትማር? ሜሪ ካሳትስ ከአሜሪካ ድረስ መጥታ የት ትግባ? ለራሳቸው መምህር ቀጠሩ፤ ከዚያም በሉቭር አዳራሽ የሥዕል ማቆሚያቸውን ተክለው ገለበጡ። የትምህርት ቤቱ በር ቢዘጋባቸው የሥዕሉ በር ክፍት ነበረላቸው። በሩ የተዘጋበት ሰው መገልበጥን ሊንቅ አይችልም፤ የሚንቀው በሩ የተከፈተለት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ልጁ ልመለስ። ምስማሩን ካየሁ በኋላ አፈላልጌ አገኘሁትና ግልባጩን እንዴት እንደ ሠራው ጠየቅሁት። ስድስት ሳምንት እንደ ፈጀበት ነገረኝ። ከዚያም የቀለም ጠብታ የሞላበት ደብተር አወጣ። በደብተሩ ውስጥ ያነበብሁት ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ካደረጉኝ ምክንያቶች ዋነኛው ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ከንፈርዋን፣ አፍንጫዋንና ዐይንዋን በከሰል እያረመ ነድፎአል። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ አልዘገይበትም። ችግሩ የመጣው ከአገጭዋ በታች ያለውን ጥላ ለመቀባት በተነሣ ጊዜ ነው። ልጁ እንደ ለመደው የገላውን ቀለም ወስዶ ጥቁር ጨመረበት፤ ጥላው አመድ መሰለ። ጠረገው። ቡናማ ጨመረ፤ ጭቃ ሆነ። እንደገና ጠረገው። በደብተሩ ላይ በአራተኛው ቀን የተጻፈው ቃል «ጥላው ከብርሃኑ የጠቆረ ብቻ ሳይሆን ከብርሃኑ የቀዘቀዘ ነው» የሚል ነው። ከዚያ ወዲያ በገላው ቀለም ላይ ጥቂት አረንጓዴና ሰማያዊ ቢያስገባበት አገጩ ከአንገቱ ተለይቶ ወደ ፊት ወጣ። ልብሱ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ፣ ከበስተጀርባዋ ያለውም ጽጌረዳ መሳይ ቀይ የሆነው ለጌጥ ብቻ አለመሆኑን፣ የአንዱ ቀለም ሙቀት የሌላውን ቅዝቃዜ ከፍ አድርጎ የሚያሳይ መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳ። የፈረንሳዩ የኬሚስትሪ ሊቅ ሼቭረል ጎን ለጎን የተቀመጡ ቀለሞች አንዱ የሌላውን መልክ እንደሚለውጡ በ1839 ዓ.ም. በመጽሐፍ ገልጾት ነበረ። ልጁ የሼቭረልን መጽሐፍ አላነበበም። ነገሩን ያወቀው አራት ቀን አንገት ሲጠርግ ነው።

ይህን ትምህርት በቃል ማስተማር አይቻልምን? ይቻላል፤ እኔም ብዙ ጊዜ ሲነገር ሰምቻለሁ። ዳሩ ግን «ጥላ ጥቁር አይደለም» የሚለውን ቃል በደብተሩ ጽፎ በማግሥቱ ጥላውን በጥቁር የሚቀባ ተማሪ ስንት ነው! ሕይወት ያለውን ሰው ፊት ለፊት አስቀምጦ የሚሥል ጀማሪ ሁለት ሥራ ባንድ ጊዜ ይወድቅበታል፤ ማየትም አለበት፣ ያየውን በምን ቀለም እንደሚገልጸውም መፈለግ አለበት። ተቀማጩ ይነቃነቃል፤ ፀሐይዋም ትዞራለች። በተገለበጠው ሥዕል ላይ ግን አንዱን ሥራ ሬኖዋር ሠርቶለታል። የፊትን ስፋትና ጥልቀት ወደ ቀለም ለውጦ አስቀምጦለታል፤ የቀረው «ይህን ለምን እንዲህ አደረገው?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱም በሸራው ላይ ስላለ ተማሪው መሳሳቱን ወዲያው ያውቃል። ከፊት መምህር የሌለው ሰው እንዲህ ያለ እርማት ከየት ያገኛል?

ሌላው ትምህርት የቅደም ተከተል ነው። የዘይት ቀለም እንደ ውሃ ቀለም በመትነን አይደርቅም፤ በውስጡ ያለው የተልባ ዘይት ከአየር ጋር ተዋሕዶ ቀስ በቀስ ይጠነክራል። ስለዚህ በተርፐንታይን የቀጠነው ቀለም በመጀመሪያ፣ ዘይት የበዛበት ወፍራም ቀለም በኋላ መቀባት አለበት፤ ይህ ከተገለበጠ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጣጠቃል። ልጁ ይህን ደንብ በቃሉ ያውቀው ነበረ። ቢሆንም ፊትዋ ላይ ገና በመጀመሪያው ቀን ወፍራም ነጭ ለጥፎ በሁለተኛው ቀን የሚጨምርበት ቦታ አጣ። ብርሃኑ የሚያበራው በመጨረሻ በጥቂት ቦታ ብቻ ሲቀመጥ መሆኑን፣ ነጭን በሁሉም ቦታ የሚያባክን ሠዓሊ ለግንባር የሚሆን ነጭ እንደሚያጣ የተማረው በኪሳራ ነው። ደግሞም ቀለም ርካሽ አይደለም!

እስከዚህ ድረስ ለመገልበጥ ተከራከርሁ። አሁን ግን ተቃዋሚዎቼ እውነት የያዙበትን ቦታ መሸሽ አይገባኝም።

አንደኛው ይህ ነው። ልጁ የገለበጠው ከሞስኮው ሥዕል ላይ አይደለም፤ ከመጽሐፍ ላይ ከታተመ ቅጂና ከስልክ መስታወት ነው። ሁለቱም ይዋሻሉ። ማተሚያው በአራት ቀለም የሬኖዋርን ገበታ ሁሉ ለማሳየት ይሞክራል፤ ስልኩ ደግሞ ከውስጡ ብርሃን ስለሚያወጣ ምንም ዓይነት የዘይት ቀለም ሊደርስበት የማይችል ነጭ ያሳያል። የቀለሙ ውፍረትና ስሱ፣ የብሩሹም ጉዞ በአብዛኛው ይጠፋል። ስለዚህ ከወረቀት የሚገለብጥ ሰው ሊማር የሚችለውንና የማይችለውን ለይቶ ማወቅ አለበት። የቀለሞችን ግንኙነት፣ ይኸውም የቱ ከየቱ እንደሚሞቅ፣ የቱ ከየቱ እንደሚደምቅ ይማራል። የቀለሙን ሥጋ ግን አይማርም። ይሁን እንጂ ይህ ጉድለት ሥራውን ከንቱ ያደርገዋልን? ቫን ጎህ በ1889 እና በ1890 ዓ.ም. በሳን ሬሚ በሕመም ተይዞ ሳለ የሚሌን ሥራዎች እየገለበጠ በዘይት ቀለም ሲሠራ ከፊቱ የነበሩት ቀለም የሌላቸው ጥቁርና ነጭ የታተሙ ወረቀቶች ነበሩ። ሥራውንም የሌላ ሰው ድርሰት ከሚጫወት ሙዚቀኛ ጋር አስተያይቶታል። ወረቀቱ ያልሰጠውን ቀለም ከራሱ አመጣ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የከበደ ነው፤ እኔም ብዙ አስቤበታለሁ። «ልጁ የፈረንሳይ ሴት ገላ መቀባት ተማረ እንበል፤ ታዲያ እናቱን በምን ይቀባታል?» ይላሉ። ይህ ፍርሃት ባዶ አይደለም። የፈረንጅን ምስል ሲገለብጥ ኖሮ የአገሩን ሰው በሳለ ጊዜ ፊቱን ሁሉ በጽጌረዳ ቀለም የሚያለሰልስ፣ ወይም በዚያው ቀለም ላይ ቡናማ ቀላቅሎ የተጠበሰ ሸክላ የሚያስመስል ሠዓሊ አጋጥሞኛል። ነገር ግን ጥፋቱ ከመገልበጡ ነውን? አይደለም፤ ከሬኖዋር ቅመሙን ወስዶ ጥያቄውን ትቶ በመሄዱ ነው። ሬኖዋር «ገላ ማለት ይህን ያህል ነጭ፣ ይህን ያህል ቀይ ነው» አላለም። በሥዕሉ የሚናገረው፣ ብርሃኑ ከየት መጣ፣ ምን ቀለም አለው፣ ከልብሱና ከግድግዳው ምን ተመልሶ በገላው ላይ ዐረፈ ብለህ ጠይቅ ነው። ይህን ጥያቄ በመስኮት አጠገብ ለተቀመጠች ለአንዲት ኢትዮጵያዊት እናት አቅርበው። ከሰማይ የሚመጣው ቀዝቃዛ ብርሃን በግንባርዋና በጉንጭዋ አጥንት ላይ ሰማያዊ ሆኖ ሲያበራ ታያለህ፤ ጥላው ግን በአንገትዋ ሥር ሞቆ ወደ ቀይ አፈር ይሄዳል። ነጭ ነጠላዋም ከታች ብርሃን ይመልስላታል። ጥያቄው የሬኖዋር ነው፤ መልሱ ግን በሬኖዋር ሥዕል ውስጥ ፈጽሞ የለም። ቅመሙን የገለበጠ ሰው ባዶ እጁን ይቀራል፤ ጥያቄውን የገለበጠ ሰው ይህን ያያል።

«የፈረንጅ ሥዕል ለኛ ምናችን ነው?» የሚሉትንስ አንድ ነገር ላስታውሳቸው። በየቤተ ክርስቲያናችን የምንሳለማት፣ እጆችዋን አመሳቅላ ልጅዋን የታቀፈችው፣ በእጅዋም መሐረብ የያዘችው የእመቤታችን ሥዕል ከየት መጣች? በሮም በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ከሚገኘው ሥዕል የታተሙ ቅጂዎችን ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ወደ አገራችን ካመጡ በኋላ የኛ ሠዓሊዎች ገለበጡአት። ገልብጠውም አልቀሩ። ዐይንዋን አተለቁት፣ የልብሱን እጥፋት ወደ ንጹሕ መስመር ለወጡት፣ በጎንደር ዘመንም የጨርቅ ጌጥ አለበሱአት። ሚሲዮናውያኑ ተባረሩ፤ ሥዕሊቱ ግን ቀረች፤ ዛሬም የውጭ አገር ናት ብሎ የሚያስብ የለም። አባቶቻችን የገለበጡት ከታተመ ወረቀት ነበረ፤ ልጁም የገለበጠው ከታተመ ወረቀት ነው።

የቅኔ ቤትም ይህን ያውቃል። ተማሪው አስቀድሞ የመምህሩን ቅኔ ይሰማል፣ ሰሙንና ወርቁን ይለያል፣ አገባቡን ይመረምራል፤ ከዚያም ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ይቆጥራል። የመምህሩን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ቢያቀርብ ውርደት ነው፤ የመምህሩን ቅኔ ሳይሰማ ቅኔ ልቁጠር ቢል ግን ማን ይቀበለዋል? በቅኔ የምንረዳውን ነገር በሥዕል ጊዜ ለምን እንደምንረሳው አይገባኝም።

እርግጥ ነው፣ መጥፎ ገልባጭ አለ። የሌላውን ሥራ ገልብጦ የራሱን ስም የሚፈርምበት ሌባ ነው፤ እንደ እርሱ ያለውን ለመከላከል ብዕሬን አላነሣሁም። ሉቭር ራሱ እስከ ዛሬ ገልባጮችን ሲቀበል ግልባጩ ከዋናው በመጠን እንዲለይና የሠዓሊው ፊርማ እንዳይገለበጥ ያዝዛል። ልዩነቱ ቀላል ነው፤ ሌባው የገለበጠበትን ይደብቃል፣ ተማሪው ይናገራል። ያ ልጅ «ከሬኖዋር የተገለበጠ» ብሎ በእጁ ጽፎ ሳለ እንደ ኮራጅ መሳቂያ ሆነ። ወረቀቱን ባይጽፍ ኖሮ ግን ምናልባት ይጨበጨብለት ነበረ!

አገራችንን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያቋቋሙት ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም የተማሩበት የቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ትምህርት ቤቱንና ቤተ መዘክሩን በአንድነት የያዘ ነው። ሬኖዋር በ1881 ዓ.ም. የሳለው «ሁለቱ እኅትማማቾች» የተባለው ሥዕል ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የዚያ ቤተ መዘክር ንብረት ነው። በዚያ ያለ ተማሪ የከበደውን ነገር ለማየት ከትምህርት ክፍሉ ወደ አዳራሹ መሻገር ብቻ ይበቃዋል። የኛ ተማሪ የሚሻገርበት አዳራሽ የለውም፤ ያለው የታተመ ወረቀትና ትዕግሥቱ ነው። ይህንንም በሳቅ እንቀማዋለንን?

ልጁን ባገኘሁት ቀን ግልባጩ በክፍሉ ጥግ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆሞ ነበረ። እንዲያዞረው ለመንሁት፤ ከአጠገቡም በዚያው መጠን አዲስ ሸራ አቁሞ አክስቱን በመስኮት አጠገብ አስቀምጦ እንዲሥላት ነገርሁት። ሁለት ወር ቆይቶ ጠራኝ። አክስቱ እንደ ሳማሪ አገጭዋን በእጅዋ ደግፋለች፤ እጁ ሦስት ጊዜ ተጠርጎ አሁንም አልተስተካከለም፤ የጣቶቹ አጥንት ጠፍቶአል። ግንባርዋ ላይ ግን የጠዋት ሰማይ አለ፤ በአንገትዋ ጥላ ውስጥ ቀይ አፈር አለ፤ በጠቅላላው ሥዕል ውስጥ አንዲት ጠብታ ጥቁር የለችም። «ያንተ የቱ ነው?» ላሉት እንግዳ የሚሆን መልስ ይህ ነበረ፤ ሁለት ወር ዘገየ እንጂ።

ስለዚህ የተማሪዎችን ትርኢት ለሚያዘጋጁት ሁሉ የማቀርበው ልመና ይህ ነው። ግልባጭን ከትርኢታችሁ አታስወጡ፤ ብቻውንም አትስቀሉት። ተማሪው ከገለበጠው አጠገብ፣ በዚያው ቁመት፣ በዚያው ብርሃን፣ ከግልባጩ በኋላ በራሱ ዐይን የሠራውን ስቀሉ፤ በሁለቱም ሥር ማን ከማን እንደ ተማረ ይጻፍ። ልጁ ሁለቱን ሥዕሎች ለሚመጣው ትርኢት አዘጋጅቶ አስቀምጦአል፤ ምስማር ሁለት ይበቃዋል።